የሚዳሰሰውን መሣሪያ ለማይዳሰሰው ኮምፒዩተር ስለ ማስረከብ

የንግድ ሥራ እየሰፋ በሄደ መጠን የጽሕፈት ቤቱ መሣሪያም አብሮ እየበዛ መሄዱ የታወቀ ነው። ቀድሞ አንድ የሒሳብ መዝገብና አንድ የጽሕፈት መኪና ይበቃው የነበረ የንግድ ቤት፥ ዛሬ ለሒሳቡ አንድ ኮምፒዩተር፥ ለመጋዘኑ ሌላ ኮምፒዩተር፥ ለደመወዝና ለሠራተኞች ጕዳይ ደግሞ ሦስተኛ ኮምፒዩተር አቁሞ ይገኛል። ስለዚህም አንዳንድ አስመጪዎችና ባለሱቆች እነዚህን ሁሉ ሰብስበው በአንድ ብርቱ ሰርቨር ላይ ለማኖር መነሣታቸው የሚያስመሰግን ነው። የኤሌክትሪክ ወጪ ይቀንሳል፤ ቦታ ይተርፋል፤ የሰነዶችን መጠባበቂያ ቅጂ ለመያዝም ሆነ መብራት በጠፋ ጊዜ በባትሪ ለመጠበቅ ከአምስት ማሽን ይልቅ አንዱ ይቀላል።

ነገር ግን በዚህ መልካም አሳብ ውስጥ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ይኸውም በየኮምፒዩተሩ ላይ ተሰክተው የነበሩት የሚዳሰሱ መሣሪያዎች፥ ማለት የሒሳብ ፕሮግራሙ የፈቃድ ቁልፍ፥ የባርኮድ ማተሚያው፥ የመጋዘኑ ሚዛን፥ ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድሞ አለማሰብ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ነገር የሚታሰበው ሰርቨሩ ከተገዛና አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ከተሸጡ በኋላ ነው። ጕዳዩም የኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻውን የሚጨርሰው ተደርጎ ይተዋል። ሆኖም የንግዱን ሥራ ሊያስቆም የሚችል ውሳኔ የንግዱ ባለቤት ውሳኔ ነውና፥ ባለቤቱ ራሱ ነገሩን ተረድቶ ሊወስንበት ይገባዋል።

ለመረዳት እንዲመች፥ ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ በፕሮግራም ብቻ የተሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ነው። አካል የለውም፤ ነገር ግን እንደ ማንኛውም ኮምፒዩተር ይነሣል፥ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ይጫንበታል፥ ሰነድ ይይዛል፥ ሒሳብ ይሠራል። ነገሩ አንድን ሰፊ ቤት በክፍል በክፍል ለብዙ ተከራዮች እንደ ማከራየት ነው። ቤቱ አንድ፥ ጣራውም አንድ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ተከራይ በሩን ዘግቶ ይኖራል፥ የጎረቤቱንም ዕቃ አያይም። ቤቱን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ሃይፐርቫይዘር ይባላል፤ ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ በደጃፍ ተቀብሎ ለየተከራዩ የሚያደርሰው እርሱ ነው።

ይህ አሠራር የትናንት ግኝት አይደለም። አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በማሳቹሴትስ ግዛት በኬምብሪጅ ከተማ በነበረው የምርምር ክፍሉ ሲፒ-40 የተባለውን ሥርዓት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ሥራ ላይ አዋለ፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ቪኤም/370 የተባለውን ለደንበኞቹ አስታወቀ። በዚያን ጊዜም ቢሆን የማግኔት ቴፕ ማንበቢያን የመሰለ መሣሪያ ለብዙዎች በአንድ ጊዜ ማካፈል ስለማይቻል፥ የኮምፒዩተሩ ተቈጣጣሪ በትእዛዝ መሣሪያውን ለአንዱ ቨርቹዋል ማሽን ያስረክበው፥ ሥራው ሲያልቅም መልሶ ይረከበው ነበር። ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ በ1999 ዓ.ም. ይህንኑ አሠራር ወደ ተራ ኮምፒዩተሮች አመጣው፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ኬቪኤም የተባለው ሃይፐርቫይዘር የሊኑክስ አካል ሆነ። እንግዲህ ዘመኑ ቢለወጥም ጥያቄው ያው ነው፤ አንዱን መሣሪያ የሚረከበው ማን ነው?

አካል የሌለው ኮምፒዩተር የሚዳሰስ መሰኪያ የለውም። በሰርቨሩ ጀርባ ላይ የተሰካውን ዕቃ በመጀመሪያ የሚያየው ሃይፐርቫይዘሩ ነው፤ ተከራዩ የሚያየው የተሰጠውን ብቻ ነው። ለዲስክና ለተራ ኔትወርክ ይህ ችግር አያመጣም፤ ሃይፐርቫይዘሩ አንዱን ዲስክና አንዱን የኔትወርክ ካርድ ለሁሉም እያካፈለ፥ ለየአንዳንዱም የራሱ እንዲመስለው አድርጎ ያቀርብለታልና። የራሱ የኔትወርክ መሰኪያ ያለው ማተሚያም እንዲሁ ነው፤ ማንኛውም ቨርቹዋል ማሽን በኔትወርክ ይደርስበታል፥ ርክክብም አያስፈልገውም። ችግሩ የሚመጣው በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች በማይስተናገዱት ዕቃዎች ላይ ነው።

ከእነዚህም ዋነኛው የፈቃድ ቁልፍ ነው። አንዳንድ የሒሳብና የንድፍ ፕሮግራሞች፥ ባለሙያዎች ዶንግል የሚሏት አውራ ጣት የምታክል ቁልፍ በዩኤስቢ መሰኪያ ካልገባችላቸው አይከፈቱም። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት አንዱ የገዛውን ፕሮግራም ሌላው ገልብጦ እንዳይወስድ ነው። ቁልፏን ግን ሃይፐርቫይዘሩ አስመስሎ ሊሠራት አይችልም፤ ራሷን ቁልፏን ማስረከብ አለበት። ከዚህም ቀጥሎ በአሮጌው ባለዘጠኝ እግር መሰኪያ የሚሠሩ ሚዛኖች፥ የስልክ መሥመር ካርዶች፥ እንዲሁም ለምስል ሥራ የሚያስፈልጉ የግራፊክስ ካርዶች ይገኛሉ።

ርክክቡ በሁለት ዓይነት ይፈጸማል። የመጀመሪያው የዩኤስቢ ርክክብ ነው፤ ይህም ቀላል ነው። ሃይፐርቫይዘሩ መሣሪያውን በመለያ ቍጥሩ ወይም በተሰካበት ቀዳዳ ለይቶ ለአንዱ ማሽን ይሰጠዋል። ነገር ግን ሁለቱም መለያዎች የየራሳቸው ጕድለት አላቸው። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ተመሳሳይ ቁልፎች አንድ ዓይነት መለያ ቍጥር ሊይዙ ስለሚችሉ፥ በቍጥር ሲለዩ የአንዱ ድርጅት ቁልፍ ለሌላው ማሽን ሊሄድ ይችላል። በቀዳዳው ሲለዩ ደግሞ ክፍሉን የሚያጸዳው ሠራተኛ ቁልፏን ነቅሎ በጎረቤቱ ቀዳዳ ቢመልሳት፥ በነጋታው ሒሳብ ክፍሉ ሥራ ፈት ይሆናል፤ ቁልፏም በዓይን እየታየች የለችም ይባላል።

ሁለተኛው በሰርቨሩ ውስጥ የሚገባ ካርድ ርክክብ ነው፤ ይህም ጥንቃቄ ይሻል። ካርድ ዋናውን አንጎል ሳይጠይቅ በራሱ ከኮምፒዩተሩ ሜሞሪ የሚያነብና የሚጽፍ ነው። ተቈጣጣሪ ካልቆመበት፥ ለአንዱ ተከራይ የተሰጠ ካርድ የሌላውን ተከራይ ጓዳ ሊከፍት፥ በላዩም ሊጽፍበት ይችላል። ይህን ለመከላከል ኢንቴል ቪቲ-ዲ፥ ኤኤምዲ ደግሞ ኤኤምዲ-ቪአይ ብለው የሚጠሩት ጠባቂ በማሽኑ ውስጥ ተሠርቷል። ሥራውም የመጋዘን ዘበኛ ሥራ ነው፤ ካርዱ የሚያቀርበውን አድራሻ ሁሉ ከመዝገቡ ጋር እያስተያየ፥ የተፈቀደለትን ክፍል ብቻ ያስገባዋል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሊኑክስ ይህንኑ ርክክብ በሥርዓት የሚያስፈጽም ቪኤፍአይኦ የተባለ ክፍል አለው። ሆኖም ጠባቂው በሁሉም ማሽን ላይ አይገኝም፤ በተገኘበትም ላይ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ስለሚመጣ በማስጀመሪያው ማስተካከያ ሊከፈት ይገባል። ደግሞም ጠባቂው ካርዶችን በቡድን በቡድን ይመለከታቸዋል፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉትን ለያይቶ ለተለያዩ ተከራዮች መስጠት አይቻልም። በዝቅተኛ ዋጋ የተገዛ ማሽን ብዙ ካርዶችን በአንድ ቡድን አጉሮ ሲገኝ፥ በግዢ ጊዜ የተረፈው ገንዘብ ኋላ በችግር ይከፈላል።

የመሣሪያው ሠሪ ፈቃድም ሊታሰብ ይገባል። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ጂፎርስ የሚባሉት የግራፊክስ ካርዶቹ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆናቸውን ሲያውቁ ሥራ እንዲያቆሙ አድርጎ ቆይቶ፥ ይህን ክልከላ ያነሣው በ2021 ዓ.ም. ነው። የሃይፐርቫይዘሩም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። የማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪ የካርድ ርክክብን ከዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ጀምሮ የፈቀደ ቢሆንም፥ በሰርቨሩ ላይ የተሰካች ተራ የዩኤስቢ ቁልፍን በቀጥታ ለቨርቹዋል ማሽን የሚያስረክብበት መንገድ በራሱ የለውም። ኢኤስኤክስአይ የተባለው የቪኤምዌር ሥርዓትና ከቪየና ከተማ የወጣው ፕሮክስሞክስ ግን ይህን ያደርጋሉ። እንግዲህ ሥራው በቁልፍ የሚንቀሳቀስ ነጋዴ ሃይፐር-ቪን ገዝቶ ካስተከለ በኋላ ይህን ቢሰማ፥ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን ከግዢ በፊት ያለመጠየቅ ነው።

ርክክብ ከተፈጸመ በኋላ ደግሞ ነጋዴው የሚከፍላቸው ዋጋዎች አሉ። የመጀመሪያው ዋጋ፥ የተረከበው ማሽን መሣሪያውን እስካልመለሰ ድረስ ሌላው የማይነካው መሆኑ ነው። ለብዙዎች እንዲካፈሉ ሆነው የተሠሩ አንዳንድ የኔትወርክ ካርዶች ቢኖሩም፥ ቁልፍና ሚዛን ግን ከእነዚያ ወገን አይደሉም። ሁለተኛው ዋጋ፥ የመንቀሳቀስ ነጻነት ማጣት ነው። ቨርቹዋል ማሽን ከሚመሰገንባቸው ነገሮች አንዱ፥ ሥራ ሳያቋርጥ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው መዛወር መቻሉ ነበር። ካርድ የተረከበ ማሽን ግን በተለመደው አሠራር እየሠራ ሳለ ሊዛወር አይችልም፤ የተመደበለት ሜሞሪም ሁሉ ተይዞ ስለሚቆይ ለሌላው ሊተርፍ አይችልም። ቁልፍ የተረከበውም ቢሆን፥ ቁልፏ በአንደኛው ሰርቨር ጀርባ ላይ እንደ ተሰካች ስለምትቀር፥ ያ ሰርቨር ሲሞት አብራ ትጠፋበታለች።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ዋጋ በመጠባበቂያ ቅጂ ላይ የሚመጣው የተሳሳተ እምነት ነው። ባለቤቱ በየሌሊቱ የቨርቹዋል ማሽኑ ቅጂ እንደሚወሰድ ሲነገረው፥ ሁሉ ነገር በእጁ ያለ ይመስለዋል። ነገር ግን ቅጂው የሚይዘው ሰነዱንና ፕሮግራሙን ነው፤ ቁልፏን አይገለብጥም። አንድ አስመጪ በሰኔ ወር መጨረሻ የዓመቱን ሒሳብ ለመዝጋት ተሰናድቶ ሳለ ሰርቨሩ ተቃጠለበት እንበል። ባለሙያው ተጠርቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቅጂውን በሌላ ማሽን ላይ ያስነሣለታል። የደንበኞች ዕዳ፥ የባንክ ሰነድ፥ የመጋዘን ቈጠራ፥ ሁሉም በቦታው ይገኛል። ፕሮግራሙ ግን ቁልፍ ስጡኝ ብሎ በሩን ይዘጋል። ቁልፏ በቃጠሎው ጠፍታ እንደ ሆነ፥ ምትኳ ከባሕር ማዶ እስክትመጣ ድረስ ነጋዴው የራሱን ሒሳብ በራሱ ቤት ሊያነበው አይችልም። ግብር ሰብሳቢውም፥ አበዳሪው ባንክም፥ ዕቃውን የላከው የውጭ አገር ነጋዴም ይህን ምክንያት አድርገው ቀን አይጨምሩለትም።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው፥ እንግዲያውስ አሮጌውን መሣሪያ ጥሎ በኔትወርክ የሚሠራ አዲስ መግዛት ይሻላል ሊል ይችላል፤ ሌላውም ሰርቨሩን ትቶ ሁሉን በኢንተርኔት በሚገኝ የኪራይ አገልግሎት ላይ ማኖርን ይመርጥ ይሆናል። ሁለቱም አሳቦች በቦታቸው እውነት አላቸው። የፕሮግራሙ ሠሪ በቁልፏ ምትክ በፕሮግራም ብቻ የሚሠራ ፈቃድ የሚሰጥ ከሆነ፥ ያን መቀበል ከሁሉ ይሻላል። ነገር ግን በባሕር ማዶ ባለ የኪራይ ሰርቨር ላይ የአዲስ አበባ ነጋዴ ሄዶ ቁልፉን ሊሰካ አይችልም፤ አዲስ መሣሪያም በውጭ ምንዛሪ እንደሚመጣ፥ ምንዛሪም ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ ለአስመጪ የሚነገረው አይደለም።

ይልቁንም የርክክብ አሠራር ከፍ ያለ ጥቅም የሚሰጠው ለአሮጌ መሣሪያ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ጥገና በ2014 ዓ.ም.፥ ለዊንዶውስ 7 በ2020 ዓ.ም.፥ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ጥገና ደግሞ በጥቅምት 2025 ዓ.ም. አቁሟል። ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉ የሚችሉ ማተሚያዎችና ሚዛኖች ግን ከእነዚህ ከአሮጌዎቹ በቀር በሌላ የማይነዱ አሉ። እንዲህ ያለውን መሣሪያ፥ አሮጌው ዊንዶውስ ለተጫነበት አንድ ቨርቹዋል ማሽን ማስረከብ፥ ማሽኑንም ከኢንተርኔት መለየት፥ የመሣሪያውን ዕድሜ ያራዝማል፤ የቀረውን ጽሕፈት ቤትም ለአደጋ አያጋልጥም። እንዲህ ያለ አሠራር ሊበረታታ ይገባዋል።

ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ቪኤምዌርን በኅዳር 2023 ዓ.ም. ገዝቶ፥ በተከታዩ ወር አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለዘለዓለም የሚያገለግለውን ፈቃድ መሸጥ አቁሞ፥ በየጊዜው የሚከፈል ኪራይ አድርጎታል። ከዚህም የተነሣ ወደ ሌላ ሃይፐርቫይዘር ለመሄድ የተነሡ አያሌ ድርጅቶች አሉ። የቨርቹዋል ማሽኑ ዲስክ ተለውጦ ወደ ሌላው ሃይፐርቫይዘር ሊሻገር ይችላል፤ የመሣሪያ ርክክብ ግን አብሮ አይሻገርም። በአዲሱ ቤት እንደ ገና ከመጀመሪያው መፈጸም አለበት። ርክክቡ በጽሑፍ ያልተያዘ እንደ ሆነ፥ ቀድሞ የሠራው ባለሙያ በሌለበት ጊዜ ማን ምን እንደ ተረከበ የሚናገር ሰው አይገኝም።

ስለ ሆነም ለዚህ ሥራ የተነሣ ነጋዴ የሚከተሉትን ነገሮች ከባለሙያው ሊጠይቅ፥ መልሱንም በጽሑፍ ሊቀበል ይገባዋል።

አንደኛ፥ ሰርቨሩ ከመገዛቱ በፊት በጽሕፈት ቤቱ ያሉት መሣሪያዎች አንድ በአንድ ይቈጠሩ። በኔትወርክ ሊሠራ የሚችለው በኔትወርክ ይሂድ፤ ርክክብ የሚደረገው ለማይቀረው ብቻ ይሁን።

ሁለተኛ፥ የሚገዛው ማሽን ጠባቂው ያለው መሆኑ፥ የሚተከለውም ሃይፐርቫይዘር የተባለውን መሣሪያ ሊያስረክብ የሚችል መሆኑ ገንዘብ ሳይከፈል በተግባር ይታይ።

ሦስተኛ፥ ለእያንዳንዱ ርክክብ በመጋዘን እንደሚደረገው ሁሉ መዝገብ ይከፈት። የመሣሪያው ስምና ቍጥር፥ የተሰካበት ቀዳዳ፥ የተረከበው ማሽን ስም፥ ቀኑና ያስረከበው ሰው በመዝገቡ ይግባ። ወረቀቱም ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጥ፤ ሰርቨሩ በሞተ ቀን በሰርቨሩ ውስጥ ያለ መዝገብ አይነበብምና።

አራተኛ፥ ለፈቃድ ቁልፍ ምትክ ከሻጩ ይጠየቅ፤ ከተገኘም ከሰርቨሩ ጋር ሳይሆን በካዝና ይቀመጥ። ዋናዋም ቁልፍ፥ ሰርቨሩ የውስጥ የዩኤስቢ መሰኪያ ካለው በዚያ ትግባ፤ ከሌለውም በሩ በሚቈለፍ ሳጥን ውስጥ ትሁን። ቁልፎችን በአንድነት ሰብስቦ በኔትወርክ የሚያቀርብ ልዩ ሳጥንም በገበያ አለ፤ እርሱን የያዘ ነጋዴ አንዱ ሰርቨር ሲሞትበት ቁልፉን ለሌላው ሰርቨር ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን ሳጥኑ ራሱ ምትክ እንደሚያሻው አይርሳ።

አምስተኛ፥ ሥራ በማይበዛበት አንድ እሑድ ሰርቨሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ እንደ ገና ይነሣ፤ እያንዳንዱም መሣሪያ ወደ ተረከበው ማሽን ያለ ሰው እጅ መመለሱ ይፈተን። ባለቤቱም ሆነ የሒሳብ ሹሙ በዚያን ቀን ቢገኙ መልካም ነው።

ስለ ሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ግን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ መሣሪያ ከግብር ሕግ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ከተራ ማተሚያ ጋር ተቈጥሮ በባለሙያ ፈቃድ ብቻ ከቦታው ሊነሣ ወይም ግንኙነቱ ሊለወጥ አይገባም። አስቀድሞ አቅራቢውንና የሚመለከተውን የግብር መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይበጃል።

እነዚህ ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ አንድ መዝገብ፥ አንድ ምትክ ቁልፍና አንድ እሑድ ናቸው። ዕቃ ከመጋዘኑ ያለ ደረሰኝ እንዲወጣ የማይፈቅድ ነጋዴ፥ የንግዱ ሒሳብ ሁሉ የተንጠለጠለባትን አውራ ጣት የምታክል ቁልፍ ያለ ደረሰኝ ማስረከብ አይገባውም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ በዚህ ረገድ ያልመረመረ ነጋዴ ካለ፥ ነገ ጧት ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገብቶ ቁልፏ የት እንደ ተሰካች በዓይኑ ቢያይ፥ ከዚያም ምትኳ የት እንዳለች ቢጠይቅ፥ ለንግዱ የሚበጅ ጥያቄ መሆኑን በቶሎ ይረዳዋል።